የመጀመሪያው ቋንቋ የትኛው ነው? ለአንድ የወሎ መምህር የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው፦ «ኮምቦልቻ አካባቢ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል መምህር ነኝ። ክፍሌ ውስጥ አማርኛ፣ ኦሮምኛና አርጎብኛ የሚናገሩ ልጆች አሉ፤ ሁለት የአፋር ልጆችም አሉ። የሰው ልጅ መጀመሪያ የተናገረው በየትኛው ቋንቋ ነው የሚል ክርክር ተነሥቶ አልበርድ አለ። አንዱ ግዕዝ ይላል፣ ሌላው ዓረብኛ፣ ሦስተኛው ኦሮምኛ። አርጎብኛ የተበላሸ አማርኛ ነው የሚልም አለ። ሳይንሱ ምን ይላል? ልጆቹስ ራሳቸው ሠርተው የሚያዩት ነገር ይኖራል?»

መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የጠየቁት አንድ ጥያቄ ቢመስልም ውስጡ አራት ነው፤ ክርክሩም አልበርድ ያለው አራቱ ስለተደባለቁ ነው። የትኛው ቋንቋ ይቀድማል? ቋንቋዎቹ ምን ያህል ይዛመዳሉ? ዝምድናውን ይዘን ስንት ዓመት ወደ ኋላ መሄድ እንችላለን? የሰው ልጅ ራሱ መናገር የጀመረውስ መቼ ነው? የመጀመሪያው ጥያቄ ቶሎ ያልቃል። ሁለተኛው ላይ ቆየት እላለሁ፤ ለክፍልዎ የሚጠቅመው እሱ ነው፣ ማስረጃውም ባቲ ገበያ ላይ በጆሮ የሚሰማ ነው።

ዛሬ ከሚነገሩት ቋንቋዎች መካከል «የመጀመሪያው» ሊባል የሚችል አንድም የለም። ኮምቦልቻ ላይ አማርኛ የሚናገር ልጅ አፉን የፈታው በእናቱ ቋንቋ ነው፣ እናቱም በእናቷ፤ እንዲህ እያለ ሳይበጠስ ወደ ኋላ ይሄዳል። የኦሮሞው፣ የአፋሩና የአርጎባው ልጅ የኋላ ታሪክም እንደዚያው ሳይበጠስ የመጣ ነው። ከመካከላቸው የአንዱ መንገድ የሚያጥርበት ምክንያት የለም። የሚለያየው ቋንቋው ዛሬ የሚጠራበትን ስም ያገኘበትና በጽሑፍ የታየበት ጊዜ ነው። ግዕዝን በ4ኛው ክፍለ ዘመን በንጉሥ ዒዛና ድንጋዮች ላይ ተቀርጾ እናገኘዋለን፤ አማርኛን ግን በጽሑፍ የምናገኘው ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ነገሥታት ውዳሴ ግጥሞች ወዲህ ነው። በዒዛና ዘመን ቤተ አምሐራ፣ ማለትም ዛሬ ደቡብ ወሎ በምንለው አገር፣ የነበሩት ሰዎች ዲዳ አልነበሩም። ይናገሩ ነበር፤ አልጻፉትም ብቻ። በጽሑፍ ዕድሜ ይለካ ከተባለ ደግሞ ግዕዝም ዓረብኛም ወደ ኋላ ይቀራሉ፤ ሱመርኛና ጥንታዊ ግብፅኛ ከ5,000 ዓመት ገደማ በፊት ተጽፈዋል። ልጆቹ ጽሑፍንና ቋንቋን እንዳያምታቱ በዚህ ላይ አጥብቀው ይንገሯቸው፤ የአብዛኛው ክርክር ሥር ይኸው ነው።

አርጎብኛ የተበላሸ አማርኛ አይደለም። ሁለቱ ከአንድ እናት የወጡ እህትማማቾች ናቸው። እንዲያውም አማርኛ የጣለውን፣ ከጉሮሮ ጠልቆ የሚወጣውን ሐ አርጎብኛ በሾንኬና በጦለሃ መንደሮች በኩል እስከ ዛሬ ይዞታል። ግዕዝም ቢሆን ብዙ ሰው እንደሚለው የአማርኛ እናት ሳይሆን አክስት ነው ቢባል ይቀርባል። ግዕዝ ከትግርኛና ከትግረ ጋር በሰሜኑ ቅርንጫፍ ይመደባል፤ አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ሐረሪና የጉራጌ ቋንቋዎች በደቡቡ። አክስት የአያትን መልክ ይዛ ልትቀር ስለምትችል የአማርኛ ድምፅ ጥንት ምን እንደነበረ ለማወቅ ግዕዝን እንጠይቃለን። ከዚህ በታች ግዕዝን የማነሣው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። ሁለት ቋንቋ መዛመዱ የሚታወቀው ቃላታቸው በመመሳሰሉ አይደለም፤ የሚለያዩበት መንገድ ሥርዓት ያለው በመሆኑ ነው። ይህን ለማየት ወሎን የመሰለ ቦታ የለም፤ የቆሎ ተማሪውና ደረሳው (የቁርአን ተማሪው) በአንድ መንደር ይኖራሉና። የቆሎ ተማሪው ኮነ፣ ኵሉ፣ ክልኤቱ፣ ቤትከ ይላል። ደረሳው ካነ፣ ኩሉ፣ ኪላ («ሁለቱም» ለማለት)፣ በይቱከ ይላል። ገበያተኛው በአማርኛ ሆነ፣ ሁሉ፣ ሁለት፣ ቤትህ ይላል። አራቱንም ጎን ለጎን አድርገው ይዩ፤ ግዕዝና ዓረብኛ ከ ባሉበት ሁሉ አማርኛ ሀ ብሏል። አንድ ቃል ቢሆን አጋጣሚ ነው ይባል ነበር። አራት ቃል በአንድ ቦታ ላይ አንድ ዓይነት ልዩነት ሲያሳይ፣ ያውም «ሆነ»ን፣ «ሁሉ»ንና «የአንተ» የሚለውን ምልክት የመሰሉ፣ ሕዝብ ከሕዝብ በቀላሉ የማይዋሳቸው ሲሆኑ፣ አጋጣሚ ማለት ያስቸግራል።

ከ እንዴት ሀ ይሆናል? አፍ ውስጥ የሚሆነው ይህ ነው። ከ ሲባል የምላስ ጀርባ የላንቃን የኋላ ክፍል ገጥሞ አየሩን ይዘጋና ይለቃል። ንግግር ሲፈጥን ምላሱ አይገጥምም፤ ጠባብ ቀዳዳ ይተውና አየሩ እየተፋተገ ያልፋል፤ ይህ ኸ ነው። ቀዳዳው ይበልጥ ሲሰፋ ፍትጊያው ይጠፋና ትንፋሽ ብቻ ይቀራል፤ ይህ ሀ ነው። የመካከሉ እርምጃ ዛሬም አለ። የገጠር አዛውንት «ኸቤት»፣ «ኸገበያ» ሲሉ ከ በመንገድ ላይ እያለ መስማትዎ ነው። የፊደላችን ኸ ራሱ ከ ላይ ምልክት ተጨምሮበት የተሠራ ነው፤ ፊደሉን የቀረጹት ሰዎች ድምፁ ከየት እንደመጣ ሰምተውታል።

ብልህ ተማሪ እዚህ ላይ «ታዲያ ከበደ፣ ክረምት፣ ከፈተ ለምን ሀ አልሆኑም?» ብሎ ይጠይቅዎታል፤ መጠየቅም አለበት። ለውጡ የነካው በንግግር ውስጥ በየደቂቃው የሚመላለሱትን አጫጭር ቃላትና ባዕድ መድረሻዎችን ነው። ብዙ የሚሠራ ዕቃ ቶሎ እንደሚያልቅ፣ ብዙ የሚነገር ቃልም ቀድሞ ይሸረሸራል። ሙሉ ትርጉም ያዘሉት ግሦችና ስሞች በአብዛኛው ከ እንደያዙ ቀርተዋል።

ሌላው ለክፍል የሚመች ማስረጃ የጉሮሮ ድምፆች መጥፋት ነው። ግዕዝ በልዐ፣ ሰምዐ፣ ገብአ፣ መጽአ ይላል፤ አማርኛ በላ፣ ሰማ፣ ገባ፣ መጣ። ኀምስቱ አምስት፣ ሐመድ አመድ ሆኗል። ሰዋስው ስታስተምሩ ሰበረ፣ ነገረ፣ ከፈለ ሦስት ፊደል ሲሆኑ በላ፣ ሰማ፣ ገባ ለምን ሁለት ብቻ እንደሆኑ ልጆቹ ሳይጠይቁ አይቀሩም። መልሱ ይኸው ነው፤ ሦስተኛው ፊደል ነበረ፣ የጉሮሮ ድምፅ ነበረ፣ ወደቀ። የወደቀበትን ቦታ የሚያሳየው ከፊቱ ያለው ፊደል ወደ ራብዕ መለወጡ ነው። «መጣ» ላይ ደግሞ ሁለት ለውጥ በአንድ ጊዜ ይታያል፤ አ ወደቀ፣ ጸም ጠ ሆነ። ጾምን ጦም፣ ጸጉርን ጠጉር፣ ፀሐይን ጠሃይ የሚሉት አያቶች ተሳስተው አይደለም፤ የአማርኛን የራሱን የድምፅ ሕግ ጠብቀው ነው። «ትክክለኛው» ተብሎ የሚታረሙበት አነጋገር በቤተ ክህነትና በጽሑፍ በኩል ከግዕዝ ተመልሶ የገባ ነው። ይህን አንድ መምህር ለክፍሉ ቢናገረው ብዙ ልጅ በአያቱ አፍ ማፈሩን ይተዋል።

ይህ የአማርኛ ብቻ ነገር አይደለም። ሶማልኛ ምላስን ዐረብ ይለዋል፣ በጉሮሮ ዐ ይጀምራል፤ ኦሮምኛ አረባ ይላል፣ ዐው የለም። ሦስትን ሶማልኛ ሰዴሕ፣ አፋርኛ ሲዶሕ ይለዋል፤ ኦሮምኛ ሰዲ። እንግዲህ ኦሮምኛም እንደ አማርኛ የጉሮሮ ድምፆቹን ጥሏል፤ አፋርኛና ሶማልኛ ይዘዋል። ክፍልዎ ውስጥ ያሉት ሁለቱ የአፋር ልጆች እዚህ ላይ ውድ ናቸው፤ ሐ እና ዐ እንዴት እንደሚወጡ ለሌላው ክፍል በአፋቸው የሚያሳዩት እነሱ ናቸው።

ይህ ሁሉ በቅርብ ዘመዶች መካከል ነው። አማርኛና አፋርኛስ? አማርኛና ኦሮምኛስ? ቃላታቸውን ብቻ ካየን ተራርቀዋል፤ ዘጠኝና ሰገል ምንም አያገናኛቸውም። የግሡን ጠርዝ ስናይ ግን ነገሩ ይለወጣል። አፋርኛ «መጣ» ለማለት ዬሜቴ፣ «መጣች» ቴሜቴ፣ «መጣን» ኔሜቴ ይላል። ግዕዝ ይመጽእ፣ ትመጽእ፣ ንመጽእ። ዓረብኛ «መጻፍ» በሚለው ግሥ የክቱቡ፣ ተክቱቡ፣ ነክቱቡ። አማርኛ ይመጣል፣ ትመጣለች፣ እንመጣለን። ለእሱ የ፣ ለእሷ ተ፣ ለእኛ ነ። አሁን «አንተ» የሚለውን ያስገቡ፦ ትመጣለህ፣ ትመጽእ፣ ተክቱቡ፣ ቴሜቴ። «አንተ» እና «እሷ» በአራቱም ቋንቋ አንድ ባዕድ መነሻ ይጋራሉ። ለዚህ መጋራት የሚሰጥ የተፈጥሮ ምክንያት የለም፤ «አንተ»ና «እሷ» በትርጉም የሚያገናኛቸው ነገር የለምና። እንዲህ ያለ ትርጉም የለሽ ጠማማነት በአራት ቋንቋ ሲደገም ከአንድ ቤት የወጣ ውርስ ነው። ለእኔ ከመቶ ተመሳሳይ ቃል ይህ አንድ ጠማማነት ይበልጣል።

ኦሮምኛው የት ገባ ይሉኛል። ዹፋ «ይመጣል»፣ ዹፍቲ «ትመጣለች»፣ ዹፍታ «ትመጣለህ»፣ ዹፍና «እንመጣለን»። ተ እና ነ እዚህም አሉ፤ «አንተ»ና «እሷ» እዚህም ተን ይጋራሉ፤ የተቀመጡት ግን በመጨረሻ ነው። ብዙ ሊቃውንት የሚቀበሉት ማብራሪያ እንዲህ ነው፦ ጥንት ከዋናው ግሥ ቀጥሎ አንድ ረዳት ግሥ ይመጣ ነበር፤ ተ እና ነ የነበሩት በረዳቱ መነሻ ላይ ነው፤ ረዳቱ ሟሽሾ ከዋናው ጋር ሲጣበቅ ምልክቶቹ መጨረሻ ላይ ቀሩ። ለማመን የሚያስቸግር ከመሰለ የራሳችንን «ይመጣል» ይፍቱት፤ «ይመጣ» እና «አለ» ነው። የእኛም ረዳት ግሥ ሟሽሾ ተጣብቋል፣ ያውም በቅርብ ዘመን።

አማርኛ፣ አርጎብኛ፣ ግዕዝ፣ ዓረብኛ፣ አፋርኛ፣ ኦሮምኛ፣ የዋግ ኽምጣኛም ጭምር፣ ሁሉም አፍሮ እስያዊ የሚባል የአንድ ትልቅ ቤተሰብ አባላት ናቸው። ቤተሰቡ በተለመደው አከፋፈል ስድስት ቅርንጫፍ አለው፦ ሴማዊ፣ ኩሻዊ፣ ኦሞአዊ፣ ጥንታዊ ግብፅኛ፣ በርበርና ቻዳዊ። ከስድስቱ አምስቱ ያሉት በአፍሪካ ምድር ብቻ ስለሆነ ብዙዎች መነሻውን በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ ያደርጉታል፤ ወደ ምዕራብ እስያ የሚያዘነብሉም አሉ። ዕድሜው በግምት 10,000 ዓመትና ከዚያ በላይ ይባላል። ዝምድና ብቻ ሳይሆን ጉርብትናም ቋንቋን ይለውጣል። ግዕዝ «በልዐ ብእሲ ኅብስተ» ብሎ በግሥ ይጀምራል። አማርኛ «ሰውየው እንጀራ በላ» ብሎ በግሥ ይጨርሳል፤ ኦሮምኛም «ናምቺ ቡዴነ ኛቴ» ብሎ በግሥ ይጨርሳል፤ አፋርኛም እንደዚያው። አማርኛ የቃሉ ሥር ሴማዊ ሆኖ የዓረፍተ ነገሩ አካሄድ ኩሻዊ የሆነው ከአገውና ከሌሎች ኩሻዊ ጎረቤቶች ጋር ለብዙ መቶ ዓመታት አብሮ ስለኖረ ነው።

ወደ ሦስተኛው ጥያቄ። ይህን ዘዴ ይዘን የመጀመሪያው ቋንቋ ድረስ መሄድ አንችልም? አንችልም፤ ለምን እንደማንችል በቁጥር ማየት ይቻላል። በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የቀረበ አንድ ስሌት አንድ ቋንቋ ከ100 መሠረታዊ ቃላቱ በየ1,000 ዓመቱ 86 ያህሉን ይይዛል፣ 14 ያህሉን ይለውጣል ይላል። ሁለት እህት ቋንቋ ሲለያዩ ሁለቱም ስለሚለወጡ ከ1,000 ዓመት በኋላ የሚጋሩት 74 ይሆናል፤ ከ5,000 ዓመት በኋላ 22፤ ከ10,000 ዓመት በኋላ 5 ብቻ። ምንም ዝምድና በሌላቸው ሁለት ቋንቋዎች መካከልም በአጋጣሚ ብቻ የሚመሳሰሉ ጥቂት ቃላት አይጠፉም። ስለዚህ 10,000 ዓመት አካባቢ ስንደርስ ውርሱን ከአጋጣሚው መለየት ያቅተናል። ፍጥነቱ ለሁሉም ቋንቋ እኩል አይደለም፤ በ1962 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) አይስላንድኛን የመሳሰሉ ቋንቋዎች ከስሌቱ እጅግ ቀርፋፋ መሆናቸው ታይቷል። ቁጥሩን ለምሳሌ እንጂ ለመለኪያ አይያዙት። የዓለም ቋንቋዎች ሁሉ የወጡበትን ቋንቋ ቃላት አገኘን የሚሉ ጽሑፎች ሲያጋጥሙዎት ግን ይህን ገደብ ያስታውሱ፤ እኔ አልቀበላቸውም፣ የዘርፉም አብዛኛው ሰው አይቀበላቸውም። ግምቱ ከመብዛቱ የተነሣ የፓሪስ የቋንቋ ጥናት ማኅበር በ1866 (እ.ኤ.አ.) ባወጣው ደንብ ስለ ቋንቋ አመጣጥ የሚጻፍ ጽሑፍ እንዳይቀርብለት ከልክሎ ነበር።

የሰው ልጅ መናገር ጀመረ የምንለው ጊዜ ከ10,000 ዓመት እጅግ ይርቃል። ቃል ከዚያ ወዲያ አይመሰክርም፤ ምስክሩ አጥንት፣ ድንጋይና ሕያው ሰው ነው። አጥንቱ ሩቅ አይደለም። ሉሲ፣ ማለትም ድንቅነሽ፣ በ1974 (እ.ኤ.አ.) የተገኘችበት ሐዳር በቀድሞው አከፋፈል የወሎ ክፍለ ሀገር ነበር። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ከአዋሽ ማዶ ዲኪካ ላይ ደግሞ በዘረሰናይ ዓለምሰገድ የተመራ ቡድን 3.3 ሚሊዮን ዓመት ያላትን ሕፃን «ሰላም»ን አግኝቷል። የሰላም ቅሪት ለእኛ ጉዳይ ልዩ የሚሆነው ከምላስ ሥር ያለችው፣ ከሌላ አጥንት ጋር የማትያያዘው ቀጭን አጥንት አብራ በመገኘቷ ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ከአፈር ውስጥ እምብዛም አይተርፍም። ቅርጿ የሰው ሳይሆን የቺምፓንዚና የጎሪላ ዓይነት ነው። በእስራኤል ቀባራ ዋሻ የተገኘው የ60,000 ዓመት ገደማው የኒያንደርታል ሰው (ዘሩ የጠፋ የቅርብ ዘመዳችን) የምላስ አጥንት ግን ከእኛው አይለይም ማለት ይቻላል።

ከዚህ ተነሥቶ «ማንቁርት ሲወርድ ቋንቋ ተጀመረ» የሚል አሮጌ ማብራሪያ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ አለ። ይጠንቀቁት። በ2016 (እ.ኤ.አ.) የወጣ ጥናት የማካክ ዝንጀሮ አፍና ጉሮሮ የሚገባ ንግግር ለማውጣት የሚያስችል ቅርጽ እንዳለው አሳይቷል። የጎደለው ጉሮሮው ሳይሆን ጉሮሮውን የሚያዝዘው አንጎል ነው። ስለ «የንግግር ዘረ መል»ም እንደዚሁ። ፎክስፒ2 የሚባለው ዘረ መል በ2001 (እ.ኤ.አ.) የታወቀው በሦስት ትውልዱ ግማሽ ያህሉ ለመናገር በሚቸገር አንድ የለንደን ቤተሰብ ምክንያት ነው። አፍን በቅልጥፍና ለማንቀሳቀስ ያስፈልጋል፤ ኒያንደርታልም የእኛኑ ዓይነት ነበረው። ብቻውን ግን ቋንቋን አልፈጠረም፤ ወፍና አይጥም የራሳቸው አላቸው።

ከሕያዋን ዘመዶቻችን መካከል ለወሎ ልጅ የሚቀርበው ጭላዳ ነው፤ በቦረና ሳይንትና በአቡነ ዮሴፍ ተራራ ላይ ይኖራል። በስሜን ተራሮች ላይ የተደረገና በ2013 (እ.ኤ.አ.) የታተመ ጥናት ወንዱ ጭላዳ ከንፈሩን እያማታ ድምፅ ሲያወጣ የምቱ ፍጥነት በሰከንድ ከ6 እስከ 9 መሆኑን ለካ፤ የሰው ንግግር ክፍለ ቃላት በሰከንድ ከ3 እስከ 8 ይወርዳሉ። የንግግር ምት እንግዲህ ከንግግር በፊት ሊኖር ይችላል። የኬንያዎቹ ጦጣዎች ደግሞ ለነብር፣ ለንስርና ለእባብ የተለያየ ጩኸት አላቸው። ሁለቱም ግን ድምፃቸውን እየፈቱና እየገጠሙ ማለቂያ የሌለው አዲስ ነገር አይናገሩም፤ ትናንት ስለታየ ነብርም አያወሩም። ቋንቋ የምንለው ይህን ነው።

ልጅ ብቻውን ቢያድግ በየትኛው ቋንቋ ይናገራል የሚለው ጥያቄ ክፍልዎ ውስጥ ሳይነሣ አይቀርም። የጥንቱ ግሪካዊ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶቱስ የግብፁ ንጉሥ ሁለት ሕፃናትን ከሰው ለይቶ አሳድጎ «ቤኮስ» ሲሉ ሰማ፣ ቃሉ በፍርግያ ቋንቋ ዳቦ ነው ብሎ ፍርግያን ቀዳሚ አደረገ ይላል። እንደ እውነቱ ብቻውን ያደገ ልጅ ምንም ቋንቋ አይናገርም። ልጆች ብዙ ሆነው ሲሰባሰቡ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። በኒካራጓ ዋና ከተማ በ1977 (እ.ኤ.አ.) መስማት ለተሳናቸው ልጆች ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጆቹ ከየቤታቸው ያመጡት ጥቂት የእጅ ምልክት ብቻ ነበር፤ መምህራኑም የምልክት ቋንቋ አላስተማሯቸውም። በመጫወቻ ሜዳና በአውቶቡስ ውስጥ ምልክታቸውን አዋጡ፤ ኋላ የገቡት ትንንሾች ከትልልቆቹ የወሰዱትን አጥብቀው ሰዋስው አበጁለት። ዛሬ ሙሉ ቋንቋ ነው። ቋንቋ ሲወለድ በሰው ዓይን የታየበት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ አንጎልና ጓደኛ ሁለቱም እንደሚያስፈልጉ፣ ድምፅ ግን የግድ እንዳልሆነም ያሳያል።

ታዲያ መቼ? የምንይዘው ዝቅተኛውን ገደብ ነው። በምድር ላይ ያለ ማንኛውም ጤነኛ ሕፃን የትኛውንም ቋንቋ ይማራል፤ የካላሃሪው ሕፃን ኮምቦልቻ ቢያድግ አማርኛ ይናገራል። የደቡብ አፍሪካ ጥንታዊ ሕዝቦች ከሌላው ሰው የተለያዩት ከ100,000 ዓመት በፊት መሆኑን ዘረ መላቸው ያሳያል። ችሎታው በሁሉም ዘንድ እኩል ካለ ከመለያየታቸው በፊት ነበረ ማለት ነው። የአፋሩ የሄርቶ ሰው የራስ ቅል 160,000 ዓመት ገደማ ያለው ሆኖ አንጎሉ የእኛን ያህል ነው። በደቡብ አፍሪካ ብሎምቦስ ዋሻ ደግሞ 75,000 ዓመት ገደማ ያለው መስመር የተቀረጸበት ቀይ አፈርና የተበሳ የቀንድ አውጣ ጨሌ ተገኝቷል። ጨሌ ለሌላ ሰው ትርጉም የሚያስተላልፍ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹ ቃላት በእጅ ይሁኑ በአፍ ክርክሩ አላለቀም፤ እኔ ሁለቱ አብረው ሄዱ ወደሚሉት አዘነብላለሁ።

ለክፍሉ ሥራ 40 ቃል ይበቃል፦ ከ1 እስከ 10 ቁጥር፣ 6 ተውላጠ ስም፣ 10 የአካል ክፍል፣ 8 የተፈጥሮ ስም (ውኃ፣ እሳት፣ ድንጋይ፣ ሰማይ የመሳሰለ)፣ 6 ግሥ በ«እሱ»፣ «እሷ»፣ «አንተ» እና «እኛ»። ለእያንዳንዱ ቋንቋ ቢያንስ ሁለት ተናጋሪ ይኑር፤ አንደኛው አያት ቢሆን ይመረጣል። በስልክ ይቅዱ፣ ሦስት ሦስት ጊዜ ያስደግሙ፣ ከዚያ በየቋንቋው አንድ ዓምድ አድርገው ይጻፉ። አንድ ተመሳሳይ ልዩነት በቃሉ ውስጥ አንድ ዓይነት ቦታ ይዞ ቢያንስ በሦስት ቃል ካልተደገመ ዝምድና ብለው አይመዝግቡት።

የሚበላሸው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ተማሪው የሰማውን ትቶ የሚያውቀውን አጻጻፍ ይጽፋል፤ «ጠሃይ» ብሎ ሰምቶ «ፀሐይ» ይጽፋል፣ ማስረጃውም እዚያው ይጠፋል። ሐን መጻፍ ያለበት በጆሮው ሐ ከሰማ ብቻ ነው። የተውሶ ቃል ደግሞ ሁሉን ያመሳስላል፤ ማኪናና ጎማ ከጣልያንኛ መጥተው በየቋንቋው ገብተዋል፣ ቡናም ከዕቃው ጋር አገር ለአገር የሚዞር ስም ነው። እማና አባ የመሰሉ የሕፃን አፍ መፍቻ ቃላት በዓለም ሁሉ ስለሚመሳሰሉ ይውጡ፤ የእንስሳ ድምፅ የሚያስመስሉ ቃላትም እንዲሁ። አጋጣሚ ምን ያህል ሊያታልል እንደሚችል አንድ ምሳሌ ይንገሯቸው፦ በአውስትራሊያ ምባባራም የሚባል ቋንቋ ውሻን «ዶግ» ይለዋል፣ ከእንግሊዝኛው ጋር ግን ምንም ዝምድና የለውም።

የመጀመሪያውን ቀን በቁጥር ይጀምሩ። አፋሩ ሲዶሕ፣ ኦሮሞው ሰዲ ሲል ሐው የት እንደገባ ይጠይቋቸውና አምስት ላይ ሲደርሱ የቆሎ ተማሪ ዘመድ ያለው ልጅ ኀምስቱን፣ ቁርአን የቀራው ልጅ ኸምሰን ከአማርኛው አምስት አጠገብ እንዲጽፉ ያድርጉ።